ግማሹ የበራ ደም

ጨፋ ሮቢት ሄዳችሁ ብትጠይቁ ጥፋቱ የአብዱልሰመድ ነው። ከሚሴ ላይ ጨርቅ የሚነግደው አብዱልሰመድ ልጁን ሚስራን ለገበሬ ልጅ አልሰጥም ብሎ የአብዱልጀሊልን ሽማግሌዎች ከበር መለሳቸው ይሏችኋል። ነጭ ለብሰው የመጡትን ትልልቅ ሰዎች ፀሐይ ላይ አቆማቸው፤ ግቡም አላለ፣ ውኃም አላቀረበ። ልጁ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ተምሮ፣ ዶክተር ሊባል ትንሽ ቀርቶት፣ ለነጋዴው ያው የአራሽ ልጅ ሆኖ ቀረ። «ቀድሞስ እነሱ ከዘመዳቸው ውጭ መች ይጋባሉ» ብለው ይጨምሩበታል።

ከሚሴ፣ ጨርቅ ተራ ብትጠይቁ ደግሞ ጥፋቱ የአብዱልጀሊል ነው። ልጅቱ እሱን አምና ክንዷን ስትዘረጋለት ደሟን ቀዳ፤ በማሽን አየው፤ ያየውን አልወደደውም። አልፈልግሽም ብሎ በግልጽ መናገር ሲገባው ነገሩን ለአገር በተነው። ሽማግሌ የላከውም ስሟ ከጠፋ በኋላ ነው፣ እንደሚመለሱ እያወቀ።

ይህን የሚያወሩት ሰዎች ውሸታሞች አይደሉም። ሽማግሌዎቹ በእርግጥ ፀሐይ ላይ ቆመው ተመልሰዋል። ደሙም በእርግጥ በማሽን ታይቷል። ነገር ግን አብዱልጀሊል ሚስራን ለመክዳት አንድም ቀን አስቦ አያውቅም፤ አብዱልሰመድም ያን ቀን በሩን ሲዘጋ ስለ ገበሬና ስለ ነጋዴ እያሰበ አልነበረም። ሁለቱንም ያወቀ ሰው አንዱንም መጥላት አይችልም፤ ታሪኩን መራራ ያደረገውም ይኸው ነው።

* * *

በዚያ ዓመት ጥቅምት የጨፋን ረግረግ ገና አላደረቀውም ነበርና ወባው በርትቶ ነበር። አብዱልጀሊልን ከአዲስ አበባ ወደ አገሩ የመለሰውም ይኸው ነው። ወባ ተመልሶ እንዳይነሳ የሚሰጠው ኪኒን አንዳንድ ሰው ላይ ቀይ የደም ሕዋሱን ያፈርሳል። አብዱልጀሊል ለሦስተኛ ዲግሪው የሚያጠናው፣ ኪኒኑ ከመሰጠቱ በፊት ያ ሰው ማን እንደሆነ የሚያሳይ የሚያበራ ቀለም ነበር። ከሚሴ ያለ አንድ ክሊኒክ የሳምባ ነቀርሳ አክታ የሚያይበትን ባለ ሰማያዊ መብራት ማይክሮስኮፕ ከሰዓት በኋላ ያውሰዋል።

ሚስራ ፋርማሲስት ናት፤ ከዋናው መንገድ ዳር ባለ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። የተዋወቁት ሁለቱም ተማሪዎች ሳሉ፣ ለዒድ በአንድ ሚኒባስ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ነው። እሱ አንድ ነገር ጠየቃት፤ እሷ እስከ ጣርማበር ዋሻ ድረስ መልስ አልሰጠችውም። ዋሻው ውስጥ ሲገቡ፣ ማንም ማንንም በማያይበት ጨለማ፣ ስትስቅ ሰማት። ከዚያ ወዲህ ያንን ሳቅ ሲያሳድድ ኖሯል።

ያን ቀን ከምሳ በኋላ ሥራዋን ለባልደረባዋ ትታ ወደ ክሊኒኩ መጣች። ለማነፃፀሪያ የሚሆን የጤነኛ ሰው ደም ፈልጎ ነበርና እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ሰጠችው።

«ቀለምህ ይሄ ነው?» አለች፣ በፎይል የተጠቀለለውን ትንሽ ብልቃጥ እያየች። «ቸኮሌት ነው የሚመስለው።»

«ብርሃን ካገኘው ይበላሻል።»

«እንዳንተ። አንተም ሰው ካየህ ትበላሻለህ።»

እሱ ሳቀ። መርፌውን የያዘው እጁ ግን አልሳቀም፤ በጥንቃቄ፣ እንደማያምናት ሳይሆን እንደሚሳሳላት ሰው፣ ጥቂት ደም ቀዳ።

«ብረት ሲዝግ አይተሻል አይደል?» አላት መጋረጃውን እየዘጋ። «በሰውነታችን ያሉ ፕሮቲኖችም ኦክሲጅን ሲበረታባቸው እንደ ዝገት ያለ ነገር ያገኛቸዋል። ቀለሙ እዚያ የተጎዳው ቦታ ላይ ብቻ ይጣበቃል። ሲጣበቅ አረንጓዴ ያበራል።»

«ብረቱ አይበራም፣ ዝገቱ ነው የሚበራው በለኛ።»

«እሱን ነው የምልሽ። ግን ሕዋሱ በሕይወት እያለ ነው መታየት ያለበት። ከሞተ በኋላ አየሩ ራሱ ሁሉንም ያዝገዋል። ያኔ የቱ የራሱ እንደነበረ፣ የቱ ከአየሩ እንደመጣ አይለይም።»

«ቀለሙስ? አሳይቶ ሲጨርስ ይለቀዋል?»

«አይለቅም። ፕሮቲኑ ብቻውን ቢተው ምናልባት ጉዳቱን ራሱ ያድነው ነበር። ቀለሙ አንዴ ከያዘው በኋላ ግን አይድንም።»

«አቦ! ለማየት ስትል ታጠፋዋለህ ማለት ነው?»

«አንዲት ጠብታ ብቻ ናት» አለ፣ እንደ ጥፋተኛ።

ሕዋሶቹን ትንሽ የሚፈትን መድኃኒት ጨመረባቸው፤ ጠበቀ፤ መብራቱን አበራ። ቀድማ እንድታይ ወንበሩን ለቀቀላት። ሚስራ ዓይኗን አስጠግታ ብዙ ቆየች።

«የከሚሴን መብራት ነው የሚመስለው» አለች። «ግማሹ ሰፈር አለ፣ ግማሹ ሰፈር ጠፍቷል።»

ይስቃል ብላ ጠበቀች። አልሳቀም። ዝቅ ብሎ አየ፤ ከዚያ ከራሱ ጣት ጠብታ አውጥቶ በዚያው መንገድ ሠራው። የእሱ ሁሉም ጨለማ ነበር። የእሷን እንደገና ከአዲስ ጠብታ ሠራው። እንደገና ግማሹ በራ።

«ምን ሆነሃል? ተናገር እንጂ።»

«አንቺን ምንም አያደርግሽም» ብሎ ጀመረ። «ቀይ ሕዋስን ከዝገት የሚጠብቅ አንድ ነገር አለ። ከአንቺ ሕዋሶች ግማሹ ያ ነገር የሚያንሳቸው ይመስለኛል። ገና በሌላ ምርመራ መረጋገጥ አለበት። ከወላጅ ነው የሚወረሰው። ሴት ላይ እንዲህ ግማሽ በግማሽ ይሆናል፣ ሳይታወቅም ይኖራል። ወንድ ልጅ ከእናቱ ከወረሰው ግን ሁሉም ሕዋሱ እንደዚያ ነው።»

«በሽር» አለች ሚስራ።

ታናሽ ወንድሟ በሽር አፋር ለእርሻ ሥራ ወርዶ ሳለ ወባ ይዞት ኪኒን ከዋጠ በኋላ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ሽንቱ ኮካኮላ መስሎ፣ በሰው ትከሻ ነበር ቤት የገባው። የሰው ዓይን ነው ተብሎ ቁርአን ተቀራበት፤ በአላህ ፈቃድ ተረፈ፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ በቤቱ ውስጥ ተነስቶ አያውቅም። ሚስራ ግን መድኃኒት የተማረች ናት፤ ለዓመታት የጠረጠረችው ነገር አሁን አረንጓዴ ሆኖ በርቶ ከፊቷ ተቀምጧል።

«አብዱልጀሊል፣ ስማኝ» አለች። ድምፅዋ ተለወጠ። «የዙሀራ ሰርግ ደርሷል። ሰንበቴ ከተማ ያሉት የእጮኛዋ ቤተሰቦች እንዲህ ያለ ነገር ቢሰሙ እህቴን አይወስዷትም። በሽርን እኔ ለብቻው እነግረዋለሁ፣ ያንን ኪኒን ሁለተኛ አይነካም። የቀረው ግን በእኔና በአንተ መሀል ይቅር። ለእናትህም ቢሆን አትንገር።»

«ወላሂ፣ ለማንም አልናገርም።»

መጋረጃው እንደተዘጋ ነበር። በሰማያዊው ብርሃን ውስጥ ተያዩ፤ እጅ ለእጅ እንኳ አልተነካኩም። ሚስራ ከሰው ሁሉ የተደበቀውን ነገሯን ያየ ሰው ሳይሸሽ አጠገቧ መቀመጡን ስታስብ፣ ፍርሃትና ደስታ እንዲህ ተመሳስለው ተሰምተዋት አያውቁም።

* * *

አብዱልሰመድ በዚያ ሰሞን እየለዘበ ነበር። የአርጎባ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ከአባቱ ጀምሮ የተጋቡት ከወገናቸው ነው። ግን ሚስራን ይወዳታል፤ ለሚስቱም «ሽማግሌ ይላኩና ተቀምጠን እንስማቸው» ብሎ ነበር። ወሬው ለአብዱልጀሊል ሲደርስ ጊዜ አላባከነም። አጎቱ ሼህ ኸይረዲን የጨፋ ሮቢትን ትልልቅ ሰዎች ሰበሰቡ።

እነዚህ ሰዎች ዘንድ፣ ሽማግሌ ለጋብቻ ከመነሳቱ በፊት ጠያቂውን መሀል አስቀምጠው የሚጠይቁት ነገር አለ። ሰው ቤት ሄደው ቃል የሚሰጡት እነሱ ናቸውና፣ የተደበቀ ነገር ካለ ዱዓው ሳይደረግ እንዲወጣ ይፈልጋሉ።

«ኢልመኮ» አሉ ሼህ ኸይረዲን፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «በአንተም በልጅቱም በኩል አንተ የምታውቀው፣ እኛ የማናውቀው ነገር አለ? ዹጋ ዱበዹ። እውነቱን ተናገር። ነገ እንዳናፍር።»

እጆች ሁሉ ለዱዓ ተዘርግተዋል። አብዱልጀሊል የለም ማለት ይችል ነበር። በተማረበት ቤት ያልተረጋገጠ ውጤት አይነገርም፤ የሌላ ሰው ደም ደግሞ ቢረጋገጥም አይነገርም። ባደገበት ቤት ግን እጅ ተዘርግቶ አይዋሽም። ሁለቱ መሀል ተያዘ። ከዚያ፣ እውነትን በደንብ ካስረዱት ማንንም አይጎዳም ብሎ አሰበ። ጥሩ ሰው ነውና ሌላውም እንደ እሱ ቀስ ብሎ የሚሰማ መሰለው።

ስለ ቀለሙ፣ ስለ ዝገቱ፣ ግማሹ ስለ መብራቱ ነገራቸው። በሽታ አይደለም አላቸው።

«ታዲያ ደሟ ይበራል?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«በቀለሙ ነው የሚበራው፣ አባ።»

«የእኔንስ ብታየው ይበራ ይሆን? ሚስቴ ቆሞ የቀረ ነው እያለች ነው።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሼህ ኸይረዲን አልሳቁም። «ወደ ልጅ ይሄዳል?» አሉ።

«ወደ ወንድ ልጅ ሊሄድ ይችላል። ግን ከተጠነቀቀ...»

«ወደ ልጅ የሚሄድ ነገር በሽታ ካልሆነ ምንድን ነው?»

እንደገና አስረዳ። አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ለሳምንት እናቆየው አሉ። አንዱም ክፋት አላሰበም። አንዱ ለሚስቱ ነገራት፣ «ምስኪን ልጅ» ብሎ አዝኖ። ሚስትየዋ ለእህቷ ነገረቻት። ሰንበቴ ገበያ ሲደርስ ደሟ ግማሽ ነው ተባለ፤ ከገበያው ሲመለስ የምትወልደው አይቆምም፣ ይሞታል፣ እህቷም ያው ናት ተባለ። የዙሀራ እጮኛ ወገኖች በአንዲት ሴት በኩል «ለጊዜው ይቆይልን» ብለው ላኩ። ለጊዜው ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ያገሬው ሁሉ ያውቃል።

የጨፋ ሮቢት ሽማግሌዎች አብዱልሰመድ በር ላይ የቆሙት ከዚህ በኋላ ነው። በሩ ሲዘጋባቸው፣ ከውስጥ ዙሀራ ታለቅስ ነበር።

* * *

ሚስራ ስልኳን አላነሳችም። የላከላትን መልእክት ሁሉ አነበበች፤ ለአንዱም አልመለሰችም። በመጨረሻ አብዱልጀሊል መድኃኒት ቤቱ ድረስ መጣ። ሰው ተሰልፎ ነበር። ተራውን ጠበቀ፣ ከመደርደሪያው ፊት ቆመ።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሚስራ።»

«ወዐለይኩም ሰላም» አለች፣ እጇን ዘርግታ። «ማዘዣ ይዘዋል?»

ጆሮውን አላመነም። «ምን?»

«ማዘዣ። ያለ ማዘዣ የምንሰጥዎ ነገር የለም።»

በአንድ ጊዜ አንቱ ሆነ። ቢሰድቡት ይቀለው ነበር። ከኋላው ያሉ አንዲት እናት «ልጄ፣ ቶሎ በል እንጂ፣ እግሬ አልቆም አለ» አሉት።

«ዱዓ ላይ ጠየቁኝ» አለ በሹክሹክታ። «እጅ ተዘርግቶ እንዴት ልዋሽ?»

«እኔ ዋሽ አልኩ?» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ለአፍታ አንቱታውን ረሳችው። «የእኔ አይደለም የምነግራችሁ፣ የሰው ነው፣ ሄዳችሁ እሷን ጠይቋት ብትል ውሸት ነበር? ቢጠይቁኝ እኔ ራሴ እነግራቸው ነበር።»

በእርግጥ ይህን ማለት ይቻል ነበር። እንዲህ ቀላል ነገር በዚያ ሰዓት አልታየውም።

«አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አለ።

«እኔ አፉ ብልህ ዙሀራን ማን ይመልስላታል?» አለችና ዓይኗን ከእሱ ላይ አንስታ ወደ ሴትዮዋ ዞረች። «ይቅረቡ፣ እናቴ።»

ውጭ ሲወጣ ባጃጆች ይጮሁ ነበር። ፀሐዩ ሞቅ ብሎ ነበር። አንቱ የሚለው ቃል ግን ብርድ ሆኖ ደረቱ ውስጥ ተቀመጠ።

* * *

ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ የሁለቱም ወገን ትልልቅ ሰዎች ለዕርቅ አብዱልሰመድ ቤት ተሰበሰቡ። ወንዶቹ ሳሎን ተቀመጡ። ሚስራና ዙሀራ ከመጋረጃው ጀርባ ነበሩ።

አብዱልጀሊል ተነስቶ ተናገረ። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ነገር ላይ ያለ ፍርሃት ተናገረ። ያጠፋው እሱ መሆኑን፣ ያልተፈቀደለትን የሰው ነገር ማውጣቱን፣ ሽማግሌዎቹን ማንም እንዳይወቅስ ተናገረ። ያኔ ከቀዳው ደም ነገሩ በሌላ ምርመራ መረጋገጡን፣ ሚስራ ጤነኛ መሆኗን፣ በሽርም የማይነካውን ኪኒን ካወቀ እንደማንም ሰው አርጅቶ እንደሚሞት አስረዳ። «አፉ በሉኝ» ብሎ የአብዱልሰመድን ጉልበት ለመሳም ጎነበሰ። አብዱልሰመድ ትከሻውን ይዞ አነሳው።

ከመጋረጃው ጀርባ ሚስራ እንባዋን በሻሿ ጠረገች። ድምፁ ያንን ሰማያዊ ብርሃን አስታወሳት። ቁጣዋ ከውስጧ እየቀለጠ መሆኑ ተሰማት፤ አልታገለችውም። ዙሀራ ሳቅ አለችና በክርኗ ጎነጠቻት። «ዶክተርሽ አፍ አለው ለካ!»

ሼህ ኸይረዲን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ ዕርቅ ከሆነ ሙሉ ይሁን» አሉ። «ልጃችን ልጅቱን ወዷል። ያለባትን ነውር አውቆ ነው የወደዳት። እኛም ከነነውሯ እንቀበላታለን። አላህም ምንዳውን አያሳጣንም።»

«አላህ ይስጥልን» አለ አብዱልሰመድ፣ አንገቱን ደፍቶ። የኮራ ሰው ነበር፤ ድምፁ ግን እንደ ለማኝ ድምፅ ወጣ። «ከእንግዲህ የእኔን ደጅ ማን ያንኳኳል? ዘመድ አይደለም ብዬ ነበር። አሁን ግን ውሰዷት።»

ሚስራ ጠበቀች። ነውር አይደለም የሚል አንድ ድምፅ ጠበቀች፤ ከዚህ ሁሉ ሰው ያንን ማለት የሚችለው አንድ ሰው ነበር፣ አሁን ቆሞ ያስረዳውም እሱ ነው።

«አልሃምዱሊላህ!» አለ አብዱልጀሊል። ድምፁ በደስታ ተሰበረ። ለዓመታት የተዘጋ በር ሲከፈት ያየ ሰው፣ በሩ እንዴት እንደተከፈተ አይጠይቅም። ከጎኑ ያሉት እጁን ጨበጡት። ያን ጊዜ ነውር የሚለው ቃል በጆሮው ውስጥ ማለፉን እንኳ አላወቀም።

ሚስራ ቀስ ብላ ሻሿን ከፊቷ አወረደች። እንባዋ ደርቋል። እንዲህ ያለ ድካም ከዚህ በፊት ተሰምቷት አያውቅም።

ኒካሁን በቶሎ ማሰር ይሻላል ተባለ። በልማዱ መሠረት ሁለት ምስክሮች ተነስተው ወደ መጋረጃው ተጠጉ፣ የልጅቱን ፈቃድ ሊጠይቁ። ልጃገረድ ስትጠየቅ ዝም ካለች እሺ ማለቷ ነው፤ አፍ አውጥታ እንድትናገር ማንም አይጠብቅም።

«ሚስራ አብዱልሰመድ፣ አብዱልጀሊልን ለማግባት ፈቅደሻል?»

ዙሀራ እጇን ጨበጠቻት። «ዝም በይ ብቻ» አለቻት በጆሮዋ። «የእኔ ቀረ፣ ያንቺስ ይሁን። በአላህ፣ ዝም በይ።»

ሳሎኑ ጸጥ አለ። አንዱ ምስክር ፈገግ ብሎ ወደ ሰዎቹ ሊዞር ሲል ሚስራ የእህቷን እጅ ቀስ ብላ ከእጇ አላቀቀች። መጋረጃውን ገልጣ ወጣችና ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመች። አብዱልጀሊልን አንድ ጊዜ አየችው። ፈገግታው ገና ከፊቱ አልለቀቀም ነበር፤ እሷን ሲያይ የበለጠ በራ፤ ከዚያ ዓይኗን ሲያነብ ቀስ በቀስ ጠፋ።

«ዝምታዬ እሺ ተብሎ እንዳይያዝ ነው የወጣሁት» አለች። «አብዱልጀሊልን እወደዋለሁ። ይህን ከእኔ አፍ ስሙት፣ ገበያ ላይ ሌላ እንዳይጨመርበት። ስለበደለኝም አፉ ብዬዋለሁ። ለጥናቱ ደም ካስፈለገው ደሜን እሰጣለሁ፤ የጨፋ ልጆች እንደ በሽር እንዳይሆኑ። ግን እኔ ነውር የለብኝም። ምንዳ ለማግኘት የሚወስደኝ ቤትም አልገባም። አባዬ፣ ኒካሁ አይታሰር። አላገባውም።»